ካርዱ ሳይፋቅ ደንቡ ይነገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በከተማችን ትምህርት ቤቶች መካከል ስለሚደረጉ የጥያቄና መልስ ውድድሮች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ የሸለሙትንና የተሸለሙትን በዝርዝር ሲቆጥር፣ ልጆቹ በምን ደንብ እንደ ተዳኙ አንድ መስመር እንኳን አልጻፈም። እኔ አዘዞ የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ፒያሳ አካባቢ በተካሄደ አንድ ውድድር ላይ ተገኝቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአዘጋጆቹን ስም አላነሣም፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ ያልታሰበበት ነገር ነው የገጠማቸው።

የመጨረሻው ዙር የሚፋቅ ካርድ ነበር። እንደ ሞባይል ካርድ ብርማ ሽፋን የተቀባ፣ ስድስት በስድስት ሆኖ 36 ሳጥኖች ያሉት ሰሌዳ ነው። ከሽፋኑ ሥር በ8 ሳጥኖች ፈንጂ፣ በቀሩት 28 ሳጥኖች ቁጥር አለ። ቁጥሩ በዙሪያው ካሉት ሳጥኖች ስንቱ ፈንጂ እንደ ያዙ ይናገራል። ጥግ ላይ ያለ ሳጥን ጎረቤቶቹ 3 ብቻ ስለሆኑ፣ ተፍቆ 3 ከወጣበት ሦስቱም ፈንጂ ናቸው፤ እጅ አይነካቸውም። 0 ከወጣ ደግሞ ሦስቱንም ያለ ስጋት መፋቅ ይቻላል። ጭንቅላት የሚያሠራው 1 ወይም 2 ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ የሌሎቹን ቁጥሮች ምስክርነት ማገናዘብ ግድ ይላል። ጨዋታው በኮምፒውተር «ማይንስዊፐር» የሚባለው ነው፤ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ወጥቶ በየቢሮው ኮምፒውተር የገባ፣ ስንቱን ባለጉዳይ ደጅ ያስጠና ጨዋታ ነው።

ፈታኙ «ጀምሩ» አሉ። ልጆቹ ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ከዳኞቹ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ ደኅና ሳጥን የፋቀ 1 ነጥብ እንደሚያገኝ፣ ፈንጂ የፋቀ 1 ነጥብ እንደሚቀነስበት አስታወቁ። አንዲት ተማሪዬ በእርሳስ ነጥብ እያደረገች፣ እያሰበች 15 ሳጥን ፍቃ አንድም ፈንጂ ሳትነካ ሰዓቱ አለቀባት። 15 ነጥብ። ከጎኗ የነበረው ልጅ ግን ማስታወቂያውን እንደ ሰማ እርሳሱን አስቀምጦ ካርዱን እንዳረረ ድስት ከዳር እስከ ዳር ፈቀፈቀው። ከ28 ላይ 8 ሲቀነስ 20 ነጥብ። አሸነፈ። ልጁን አልወቅስም፤ ሒሳቡን ከዳኞቹ ቀድሞ ሠርቶታል።

ዳኞቹ መሥራት የነበረባቸው ሒሳብ ከባድ አልነበረም። ሁሉንም የፋቀ ሰው ምንም እንዳያተርፍ ከተፈለገ፣ የ8 ፈንጂዎች ቅጣት ከ28 ነጥብ ማነስ የለበትም። 28 ለ8 ሲካፈል 3.5 ነው። እንግዲህ ለአንድ ፈንጂ 4 ነጥብ ቢቀነስ ኖሮ ያ ልጅ ከዜሮ በታች በ4 ይወርድ ነበር፤ እሱም ይህን አስልቶ እርሳሱን ባላስቀመጠ። ፈንጂ የነካ እዚያው ያቁም የሚል ደንብም ይሠራል፤ ለልጆች ግን ይከብዳል ባይ ነኝ።

በወረቀት በሚሠራ እንቆቅልሽ ላይ የደንብ መዘግየት ይህን ያህል አይጎዳም። ባዶ ሳጥኖች በቁጥር በሚሞሉበት በሱዶኩ ላይ በስህተት 7 የጻፈ ልጅ በላጲስ አጥፍቶ ይቀጥላል። የተፋቀ ሳጥን ግን ተመልሶ አይሸፈንም። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት እንኳን ያቃተው አገር እንደሚሰጥ «ምን አውቅልህ» ከመባሉ በፊት ሁላችንም እናውቅ ነበር። (ጎንደርን ላለመስጠት ስንት የሰው አገር እንደ ሰጠን ግን አይነሣ።)

ሌላም የታዘብኩት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያው ምት ፈንጂ ላይ ቢያርፍ ማሽኑ ፈንጂውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውርልናል። የታተመ ካርድ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መነሻ የሚሆን አንድ ሁለት ሳጥን አስቀድሞ ተፍቆ ወይም ምልክት ተደርጎበት መሰጠት አለበት። ያለዚያ የመጀመሪያው እርምጃ ሎተሪ ነው። ካርዱንም ያላዘጋጁት ሁለት መምህራን ቀድመው ፈትተው፣ አንድም ቦታ ላይ ግምት እንዳያስፈልግ ማረጋገጥ አለባቸው።

«ተፋቀ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ይህም አልተነገረም ነበር። አንዱ ልጅ የሳጥኑን ጠርዝ ብቻ በጥፍሩ ጫር አድርጎ የፈንጂውን ጥላ አይቶ ተወው። ዳኛው አልቆጠሩበትም። ሌላዋ በባለ አንድ ብር ሳንቲም አጥብቃ ስትፍቅ ቁጥሩም አብሮ ተነሣ፤ የሞባይል ካርድ ስንፍቅ ስንቴ ደርሶብናል! ምትክ ካርድ ብትጠይቅ የለም ተባለች። ሽፋኑ ከተነካ እንደ ተፋቀ ይቆጠር፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳንቲም ይታደል፤ በታሸገ ፖስታ ምትክ ካርድ ይኑር። ምትክ ሲሰጥም ልጁ የፋቃቸውን ሳጥኖች ዳኛው ራሱ ፍቆ ያስረክብ። ካርዶቹ ከመታደላቸው በፊት ደግሞ ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት አይከፋም። እኔ አንዱን ወደ ፀሐይ ባዞረው ቁጥሮቹ በጀርባው በኩል ይነበቡ ነበር!

ኩረጃውም ቀላል መፍትሔ አለው። ያንኑ ሰሌዳ አራት ጊዜ ማዞር፣ እያንዳንዱንም በመስተዋት እንደሚታይ መገልበጥ ይቻላል፤ ክብደታቸው ፍጹም እኩል የሆነ 8 ካርዶች ይገኛሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች የተለያየ ከደረሳቸው የጎረቤትን ካርድ ማየት ያሳስታል እንጂ አይጠቅምም። ቅሬታ ሲነሣ ዳኛው የሚመረምረው እንዲኖርም፣ ልጆቹ በየፋቁት ሳጥን ላይ ተራ ቁጥር በእስክርቢቶ ይጻፉ። የተፋቀ ካርድ ምን እንደ ተፋቀ እንጂ የቱ እንደ ቀደመ አይናገርም።

ወጪ ነው የሚል ካለ፣ ማተሚያ ቤት መሄድ የግድ አይደለም። የታተመው ሰሌዳ ላይ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ሁለት እጅ ብርማ አክሪሊክ ቀለም ከአንድ እጅ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጋር ተደባልቆ በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይደገማል፣ ካልሸፈነ ይሠለሳል። ክረምት ላይ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ዋዜማውን መጀመር አያዋጣም። እኔ ክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ። የቸገረኝ ብርማው ብናኝ ብቻ ነው፤ ከየዴስኩ ሥር ሲጠረግ ሳምንት ፈጀ።

ተማሪዬ ካርዷን ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች። በማግሥቱ አብረን ስናየው፣ ካልፋቀቻቸው 21 ሳጥኖች መካከል በ6ቱ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል አድርጋለች። ፋቅናቸው፤ ስድስቱም ፈንጂ ነበሩ። ለዚያ ነጥብ የሚሰጥ ደንብ አልነበረም። ዘንድሮ ውድድሩ የሚካሄድ ከሆነ አዘጋጆቹ ይህንንም ያስቡበት፤ ቀለሙንና ሳሙናውን እኔ አመጣለሁ።

አንድ የሒሳብ መምህር
ከአዘዞ፣ ጎንደር