እናት እስኪወርዱ ጠብቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ የድሮዋ መንቆረር። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስይዝ ስልኬን አላወጣም። ሰው ማየት ደስ ይለኛል።

ትናንት ከጎኔ የነበሩት እናት ከገበያ ዶሮ ገዝተው፣ እግሯን በጨርቅ አስረው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋታል። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር በመዳፋቸው ጀርባዋን ደገፍ ያደርጓታል። ለማን ይሆን? አራስ ልትጠየቅ ነው ወይስ ልጃቸው ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ሊመጣ? እያልኩ ሳስብ «ወራጅ አለ!» አሉ።

ታዲያ ሹፌሩ አንድ እግራቸው ገና መሬት ሳይነካ ነዳው። ልጅዬ፣ ምን አስቸኮለህ? አንድ ደቂቃ እኮ ነው! ከጎናቸው የነበረው ተማሪ ባይዛቸው ኖሮ ይወድቁ ነበር። የባጃጅ ልጆች፣ እባካችሁ፣ ሰው ወርዶ ቆሞ እስኪያበቃ ጠብቁ። እናት ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ