ኒድዉድ ሐይቅ አይደለም፣ ግድብ ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ የዕቁብ ተራዬ ስለነበር ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ሰብስቤ ሌክ ኒድዉድ ወሰድኳቸው። ቤቴ ጠባብ ነው። ልጆች ሲሮጡበት ደግሞ የታችኛው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። ፓርክ ይሻላል።

ከሰሉ ፍም ሆኖ ሥጋው መንጫጫት ሲጀምር የአንዷ ልጅ፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ወደ ውሃው እያየ «ይሄን ሐይቅ ማን ሠራው?» አለ። «እግዚአብሔር ነዋ! ሌላ ማን ይሠራዋል?» አለችው እናቱ ሥጋውን እያገላበጠች። «የለም፣ ሰው ነው የሠራው» አልኩ። «በፈረንጆቹ 1965። ያ ሣር የለበሰው ጉብታ ግድብ ነው።» ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አንቺ ደግሞ! ሰው ሊበላ ሲል» አለችኝ አንዷ። ወሬው ወደ ሠርግ ተመለሰ።

እኔ ግን ወሬዬን አልጨረስኩም ነበር። ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ሐበሾች ኒድዉድን በደንብ እናውቀዋለን። ክርስትና፣ ልደት፣ የልጆች ምርቃት ያልተጠራበት የለም። ጀልባ ይከራያል። ዓሣ ይጠመዳል። ከሐይቁ ተነስቶ ሮክ ክሪክ የተባለውን ወንዝ እየተከተለ እስከ ዲሲ ድንበር የሚወርድ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። ውሃው 75 ኤከር ያህል ይሸፍናል። ግን ለእኛ ጥብስ ተብሎ ብቻ የተሠራ አይደለም። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ እንዲለቅ፣ ደለሉንም እንዲያስቀር ነው። ግድቡ የአፈር ነው። ቁመቱ 65 ጫማ ያህል ነው፤ የስድስት ፎቅ ቤት በሉት። ሲያዩት ግን በግ የሚግጥበት መስክ ይመስላል፤ ማንም ግድብ ነው ብሎ አይጠረጥረውም።

እኔም ያወቅኩት ወድጄ አይደለም።

ጁን 2006 ነው። እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጥታ ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ያኔ የምኖረው ከግድቡ በታች፣ አስፐን ሂል አካባቢ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ ነው። ቀናት ሙሉ ዘነበ፣ ዘነበ። የሐይቁ ውሃ ከወትሮው ከ20 ጫማ በላይ ከፍ አለ። በግድቡ በኩል ውሃ እየሰረገ ሲወጣ ታየ። ከዚያ በኋላ ነው በሌሊት በራችን የተደበደበው። ከወንዙ ዳር 2,200 ያህል ሰው ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ታዞ ነበር።

እኔ በእንቅልፍ ልቤ የኢሚግሬሽን ሰዎች መሰሉኝ። ወረቀታችን ያለበትን መሳቢያ መበርበር ጀመርኩ። እማዬ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አታውቅም። ሰውየው በእጁ ወደ ወንዙ ሲያመለክት ግን አየችው።

«ጎርፍ ነው፤ ተነሺ!»

«ዝናቡ እኮ አባርቷል እማዬ።»

«እዚህ አባራ እንጂ እዚያ ላይ ማን አየልሽ?»

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዳር ሰው ናት። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ያቋርጠዋል። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የሐረርጌ ተራሮች ላይ ዘንቦ ውሃው ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ እማዬ ዝናብ ሲመጣ በላዩዋ ያለውን ሰማይ አይደለም የምታየው፤ ወንዙ የሚመጣበትን ነው። መድኃኒቷን፣ ነጠላዋንና ፓስፖርቷን በአንድ ፌስታል ከትታ ከእኔ ቀድማ ደረጃው ላይ ነበረች።

ሦስተኛ ፎቅ የአገራችን ሰዎች የሆኑ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሸምገል ያሉ። በራቸው ላይ የአፓርታማው ሰዎች አንድ ወረቀት ለጥፈዋል፤ በእንግሊዝኛ። እነሱ የኪራይ ነገር መስሏቸው ተመልሰው ተኝተዋል። ወጥቼ «ጋሼ፣ ውሃ ነው፣ ይውረዱ!» ብዬ እስክጮህ ድረስ መብራታቸው አልበራም። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ውሃው አይደለም።

ግድቡ አልፈረሰም። ውሃው ወረደ፣ እኛም ወደ ቤታችን ገባን። እማዬ ግን ፌስታሏን አልፈታችም።

አርባ ቀን ሳይሞላ፣ በዚያው ክረምት፣ ደቻቱ በሌሊት ድሬዳዋን መታ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እማዬ እኔ ቤት ሳሎን ቁጭ ብላ ስልክ ስትደውል ነጋባት። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው አይነሳም። በመጨረሻ ስልኩን አስቀምጣ «እነዚያን ማን አንኳኳላቸው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ግድብ ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ዕቁብተኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ90,000 በላይ ግድቦች ተመዝግበው ይገኛሉ። አብዛኞቹ እንደ ኒድዉድ ትናንሽና ሽማግሌ ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ግድም ነው። በመዝገቡ ላይ «ከፍተኛ አደጋ» የሚል ምድብ አለ። ሰው ይህን ሲያይ ግድቡ ሊወድቅ ነው ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። ቢፈርስ ከታች የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። የግድቡ ጤንነት ሌላ ዓምድ ላይ ነው የሚጻፈው። ጎበዝ ግድብም ከሥሩ ሰው ከሰፈረ ከፍተኛ አደጋ ይባላል። ሲሠራ ከታቹ ጫካ የነበረ ግድብ አለ፤ ቤቱ በኋላ ተሠርቶ ነው ምድቡ የተቀየረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ጥላ የለም እያላችሁ ለምታማርሩ። የግድቡ ተዳፋት ላይ ዛፍ እንዲበቅል የማይፈለገው አለምክንያት አይደለም። ሥሩ አፈሩን ይሰነጥቃል። ዛፉ ሞቶ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ለውሃ ቱቦ ይሆናል። ጉድጓድ የሚቆፍሩ አውሬዎችም እንዲሁ ናቸው። በአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ መስረጉ ያለ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ባለሙያ ይከታተለዋል። ደፍርሶ ከወጣ ግን ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነውና የሚያስጠብቅ ጊዜ የለም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከፖቶማክ ማዶ ቨርጂኒያ ያላችሁም አትሳቁብን። ኮሎምቢያ ፓይክን ስትነዱ በአጠገቡ የምታልፉት ሌክ ባርክሮፍት ከኛው በ50 ዓመት ይበልጣል። በ1915 ለአሌክሳንድሪያ የመጠጥ ውሃ ተብሎ ተገድቦ በኋላ ዙሪያውን ቤት ላላቸው ሰዎች መዝናኛ ሆነ። በጁን 1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ዋናው ግድብ ቆሞ ጎኑ ያለው የአፈር ክፍል ተጠርጎ ሄደ። ሐይቁ ባዶ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ነዋሪዎቹ በማግስቱ ዓመት ራሳቸው ላይ ቀረጥ የሚጥል አካል አቋቁመው ግድባቸውን ጠገኑ፤ እስከ ዛሬም እነሱ ናቸው የሚያስጠብቁት። ከግድቡ የሚወጣው ሆልምስ ረን ግን የሚወርደው ወደ አሌክሳንድሪያ ነው፣ የኛ ሰው በብዛት ወደሚኖርበት። ዋና የሚዋኙበት ከላይ፣ ውሃው ቢመጣ የሚሮጡት ከታች።

ታዲያ ከጋዜጣችሁ የምፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። ከክረምቱ ዝናብ በፊት ግማሽ ገጽ ስጡን። ከኒድዉድ በታች ወንዙ ዳር ያሉት መንገዶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ውጡ ሲባል ወደየት እንደሚወጣ በአማርኛ ይጻፍልን። ወንዙን ተከትሎ አይነዳም፤ ወደ ከፍታ ነው የሚወጣው። የካውንቲው ማስጠንቀቂያ፣ አለርት ሞንትጎመሪ የሚባለው፣ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ አሳዩ። ወጣቶቹ ያውቁታል። ጋሼና እትዬ ናቸው የማያውቁት። የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የዕድር ሰዎች ከሰሙ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይዳረሳል።

እግረ መንገዴን፦ ልጆቻችሁ ኒድዉድ ውስጥ እግራቸውን አይንከሩ። መዋኘት ክልክል ነው። በሙቀት ወራት ውሃው ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር መርዝ ሊኖረው ይችላል። ውሻ ያላችሁም እንዲሁ።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃ ስንሰበስብ ያ ልጅ ወደ እኔ መጣ። ጥያቄውን አልረሳም። «ግድቡ ቢፈርስስ?» አለኝ። «የት ነው የምትኖሩት?» አልኩት። የመንገዱን ስም ነገረኝ። እናቱን ጠርቼ ወደ ዳር ወሰድኳት። እኔና እማዬ ያን ሌሊት የወጣንበት መንገድ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከሜሪላንድ