የክበባት ዘገባ፦ የቦክስ ክበብ፣ 2017 ዓ.ም.

የክበቡ ሥራ ዘንድሮ የተጀመረው ሚዛን በማስተካከል ነው። መመዘኛው ከምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ኪሎ ሲያሳንስ ከርሟል። ሲሚንቶው ላይ አዛወርነውና ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አሥር ውኃ ሞልተን አንድ ልጅ በጆንያ አሸክመን አቆምነው፤ ከራሱ ክብደት 20 ኪሎና ጥቂት ሲጨምር ሚዛኑን አመንነው። ከዚያ ወዲህ ምዝናው ሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በቁምጣ ብቻ ሆነ።

ይህን ያህል የጠበቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፕሮፌሽናል ቦክሰኛ በአብዛኛው ከፍልሚያው በፊት ባለው ቀን ይመዘንና ውኃውን ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። አማተሩ ግን በሚጋጠምበት ቀን ሁሉ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ውድድሩ አራት ግጥሚያ ከሆነ አራት ጊዜ። ወደ ቀላል የክብደት ምድብ ለመግባት ላስቲክ ለብሶ ሮጦ ኪሎ ያወረደ ልጅ እንደ ደረቀ ወደ ሪንግ ይገባል። ለ57 ኪሎ ልጅ ሁለት በመቶ ማለት 1.1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ውኃ ማጣት ብቻውን ትንፋሽ ለማሳጠር ይበቃል። ከአባሎቻችን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኅዳር ላይ ይህንኑ ሞከረ። ኪሎውን አገኘ፣ በሦስተኛው ዙር ግን እጁ አገጩ ድረስ አልነሳ አለ። ስለዚህ ወደ 60 ኪሎ ምድብ እንዲወጣ ተወሰነ።

መውጣት ሲባል ግን መብላት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በዳቦና በለስላሳ ሁለት ኪሎ ጨመረ፤ እግሩም ከበደው። መለኪያችን ገመድ ዝላይ ነው፦ ሦስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በመካከል አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ ዝላዩ እየተቆጠረ። የሦስተኛው ዙር ቁጥር ከመጀመሪያው ከአሥር አንድ በላይ ከቀነሰ የተጨመረው ኪሎ ገና ሥራ አልያዘም ማለት ነው። እንደ ገና አስጀመርነው፣ በሳምንት ከሩብ ኪሎ እንዳያልፍ። ዐቢይ ጾም መሀል ገባ፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። ምስርና ሽምብራ ግን ነበሩ (መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው)፣ ለውዝና በሶም ተጨመሩ። ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ወደ 11 ሰዓት አሸጋሸግነው። በባዶ ሆድ የሚሠራ ጉልበት ሥጋ አይሆንም።

በአዲሱ ምድብ መጀመሪያ የሚያስቸግረው የተጋጣሚው እጅ ርዝመት ነው። ልጁ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ) ወርውሮ በቀጥታ ይገባ ነበርና መልሱን አፍንጫው ላይ ይቀበላል። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርን፦ ጃብ፣ ከዚያ የፊት እግር ከመስመሩ ወደ ጎን አንድ ጫማ፣ ከዚያ ቀኙ ወደ ሆድ። በ57 ኪሎ ፍጥነቱ ይህን ስህተት ይሸፍንለት ነበር፤ 60 ላይ አልሸፈነለትም። በዓመቱ መጨረሻ በተደረጉት ሦስት የወዳጅነት ግጥሚያዎች ሁለቱን አሸነፈ፣ አንዱን በግራኝ ተሸነፈ። ከግራኝ ጋር የራስ የፊት እግር ከተጋጣሚው የፊት እግር ውጭ መሆን እንዳለበት አላስተማርንም ነበር፤ ጉድለቱ የእኛ የአሠልጣኞች ነው።

አባላቱ ይበልጥ የተወያዩት በሁለት ቦክሰኞች ነው። ካሲየስ ክሌይ (በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው)፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት የ1960 (እ.ኤ.አ.) የሮም ኦሊምፒክ፣ በ81 ኪሎ ወርቅ ወሰደ፤ በየካቲት 1964 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን 95 ኪሎ ገደማ ነበር። ሲካፈል በወር ሲሶ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም ገና እያደገ ላለ ወጣት። የዩክሬኑ ቫሲል ሎማቼንኮ ደግሞ በ2008 ቤይጂንግ ላይ በ57፣ በ2012 ለንደን ላይ በ60 ወርቅ አግኝቷል። በአራት ዓመት ሦስት ኪሎ! በፓሪስ 2024 የወንዶች ምድብ ወደ ሰባት ስለ ወረደ ከ57 ቀጥሎ ያለው 63.5 ነበር፤ የ60 ኪሎ ልጅ በዚያ መድረክ ቤት አልነበረውም። የእኛው ልጅ ለጊዜው በወጣቶች ምድብ 60 ላይ ይቆያል፤ ሰኔ ላይ 59.4 ነበር።

ለ2018 የሚመዘገብ ተማሪ የወላጅ ፊርማና የጤና ምርመራ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ እጅ 4.5 ሜትር ፋሻ፣ እንዲሁም የራሱን የጥርስ መከላከያ ይዞ ይምጣ። የጥርስ መከላከያ አይዋዋሱም።