የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ሉዊዚያና ከገምቦ እስከ ጎርፍ

ክበባችን በየዓመቱ አንድ አገር ወይም አንድ ግዛት መርጦ ያጠናል፤ ዘንድሮ ተራው የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ነበር። ደንቡ እንደ ወትሮው ነው፤ «አስገራሚ እውነታ» ያመጣ አባል ምክንያቱን ካላስረዳ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ አይለጠፍለትም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ብዙ ያከራከረን የ1803ቱ ሽያጭ ነው። የፈረንሳዩ መሪ ናፖሊዮን ሉዊዚያናን በ15 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠ ሲባል አባላቱ የዛሬዋን ግዛት በካርታ ላይ ቀለም ቀብተው መጡ። የተሸጠው ግን ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ የተዘረጋ ወደ 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ሲሆን፣ ዛሬ 15 ግዛቶች በሙሉም ሆነ በከፊል ይካፈሉታል። የሽያጩን ምክንያት ፍለጋ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት እስከነበረችው ሄይቲ ድረስ መሄድ ግድ ሆነ፤ በባርነት የነበሩት ሕዝቦች ባደረጉት ትግልና በቢጫ ወባ የፈረንሳይ ጦር አለቀ፣ ከእንግሊዝም ጋር ጦርነት ደርሶ ነበር። የምድሩ ነባር ሕዝቦች በውሉ ላይ ቃል አልነበራቸውም፤ ይህም ከካርታው ሥር ተጽፏል።

የፓሪሾቹ ወረቀት ሳይጓተት ተለጠፈ። አብዛኞቹ ግዛቶች በካውንቲ ሲከፈሉ ሉዊዚያና በ64 ፓሪሽ ትከፈላለች። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ማለት ነው፤ ከካቶሊካውያኑ ፈረንሳይና ስፔን ዘመን የቀረ ነው። የግዛቷ ትልቅ ከተማ የኒው ኦርሊየንስ መቃብሮች ከመሬት በላይ የተሠሩት የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ነው የሚለው ጽሑፍ ግን ለእርማት ተመልሷል። ውሃው ግማሹ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግማሽ የፈረንሳይና የስፔን የአቀባበር ልማድ ነው።

የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ዋና ሥራ የኒው ኦርሊየንስ ሞዴል ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ፖንቻርትሬይን ሐይቅ ያለውን ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ለማሳረፍ 1 ሳንቲ ሜትርን 150 ሜትር አደረግን። ከፍታውንም በዚሁ ልክ ብንሠራው 3 ሜትር የሆነው የወንዝ ዳርቻ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ለከፍታ 1 ሳንቲ ሜትር ለ1 ሜትር ተወሰደ፤ ይህ ልዩነት በሞዴሉ ላይ ካልተጻፈ ተመልካች ከተማዋን ገደል ያስመስላታል። የመጀመሪያው ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ውሃ አፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ለሁለት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ደቃቅ የጤፍ ጭድ ገባ፣ ለአራት ቀን በጥላ ደረቀ፣ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ተቀባ።

ውሃ ሲጨመርበት ከተማዋ ጎድጓዳ ሳህን መሆኗ ወዲያው ይታያል። ዝናቡ በራሱ ወደ ሐይቁ አይወርድም፤ በፓምፕ ወደ ላይ መገፋት አለበት። እኛ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ገፋነው። አንዱን ሠፈር በረጠበ ስፖንጅ ላይ አስቀምጠን ስፖንጁ ሲደርቅ መሬቱ ሰመጠ። በኒው ኦርሊየንስም የሆነው ይኸው ነው፤ ረግረጉ ሲጠነፈፍ በብስባሽ የተሞላው አፈር ተጨማደደ፣ ሠፈሮቹም ከባሕር ወለል በታች ወረዱ። ኦገስት 29 ቀን 2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ መከላከያ ክትሮቹ ሲጣሱ 80 በመቶው የከተማዋ ክፍል በውሃ የተዋጠው ለዚህ ነው። በወንዙ ዳር ከፍ ባለው መሬት ላይ ያለው ጥንታዊው የፈረንሳይ ሠፈር በአብዛኛው ተርፏል።

የወላጆች ቀን ምግብ ገምቦ የተባለው የሉዊዚያና ወጥ ነበር። ስሙ ከአንጎላ አካባቢ ቋንቋዎች የመጣ የባሚያ ስም እንደሆነ ይታመናል። ዕለቱ ጾም ስለነበር ቋሊማውና ዶሮው ቀርቷል፤ በሉዊዚያናም ለሕማማት የሚሠራ የቅጠላ ቅጠል ገምቦ አለ። መሠረቱ ሩ ይባላል፦ አንድ ኩባያ ዘይት ይሞቃል፣ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ጥቂት በጥቂት ይገባበታል፣ በዝግታ እሳት ከ35 እስከ 45 ደቂቃ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል፤ ቸኮላታ መልክ ሲይዝ ይበቃዋል። ጥቁር ነጥብ ከታየ አሯል፤ ምሬቱ በምንም አይለቅምና ይደፋል። የመጀመሪያው በከሰል ላይ በ15 ደቂቃ አረረ፤ ወፍራም ድስትና የኤሌክትሪክ ምድጃ አዳነን። ቁሌት የሚችል ሰው ማማሰሉ አይከብደውም፤ ልዩነቱ በቁሌት ሽንኩርት ይቀድማል፣ እዚህ ዱቄቱ። ሩው ሲደርስ ሁለት ሽንኩርት፣ አንድ የፈረንጅ ቃሪያና የዚያኑ ያህል ሰለሪ ተከትፈው ይገባሉ፤ ሙቀቱን ስለሚቀንሱ መጥቆሩን ያቆሙታል። ከዚያ 2 ሊትር ሙቅ የአትክልት መረቅ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ባንዴ ከተደፋ ይጓጉላል። ግማሽ ኪሎ ባሚያ ለብቻው ተጠብሶ ዝልግልጉ ከጠፋ በኋላ ይገባል፣ አንድ ሰዓት ይንተከተክና በሩዝ ይቀርባል። የጋለ ሩ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከ9ኛ ክፍል በታች ያሉትን ከምድጃው አርቀናል።

ሞዴሉ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አለ። ለከርሞ የሚሲሲፒ ደለል ይጨመርበታል፤ ክትሮቹ ጭቃውን ከረግረጉ ስለከለከሉትና በተቆፈሩት ቦዮች ጨዋማ ውሃ ስለገባ፣ ግዛቷ ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳርቻ ለባሕር አስረክባለች። ጥሩ ደቃቅ አሸዋ ያላችሁ ወላጆች አንድ ማዳበሪያ ብትልኩልን እንወዳለን።