ለልጆቻችን የሒሳብ በዓል መሣሪያዎች ዳግም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የቀድሞ ተማሪዎችና የትምህርት ቤታችን ወዳጆች ሁሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። የዕቃ ክፍሉ ጣሪያ በዝናቡ መደርመሱን ያልሰማ የለም፤ ብዙዎቻችሁ በዚያው ዕለት መጥታችሁ የተረፈውን አብራችሁን አውጥታችኋል፣ ፈጣሪ ይስጥልን። የካርቶን ታንግራሞቹ፣ ማለትም ከካሬ ተቆርጠው የሚገጣጠሙት ቅርጾች፣ ረጥበው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ላስቲክ እየተወጠረ ቅርጽ የሚሠራባቸው ባለምስማር ሰሌዳዎቹ ተጣምመዋል፣ ምስማሮቹም ዝገዋል፤ ለሕፃን እጅ የሚሰጡ አይደሉም። ከዚያ በኋላ የተጀመረው መዋጮ መጀመሪያ ላይ ደህና ሄዶ ነበር፣ አሁን ግን ቆሟል። ደጋግሞ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም እንደሚከብድ እናውቃለን። ይሁን እንጂ መጋቢት 5 እየደረሰ ነው፣ ልጆቹም «ዘንድሮስ?» እያሉ በየቀኑ ይጠይቁናል።

መጋቢት 5፣ ማለትም ማርች 14፣ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ወስኖ ከ2020 ጀምሮ ይከበራል። ወሩ ከቀኑ ቀድሞ በሚጻፍበት የአሜሪካውያን አጻጻፍ 3.14 ስለሚሆን፣ ይህም የክብ ዙሪያ የወገቡ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው የፓይ ቁጥር መጀመሪያ ስለሆነ፣ ቀድሞውንም የፓይ ቀን ይባል ነበር። እኛ ይህን ቀን የያዝነው ከሌላው ዓለም ጋር ለመመሳሰል ብለን አይደለም፤ ሒሳብ ሲባል የሚደነግጥ ልጅ ሒሳብን በእጁ ይዞ የሚደሰትበት አንድ ቀን እንዲኖረው ብለን ነው።

ያለፈውን በዓል ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ የክዳኑን ዙሪያ በክር ለክተው፣ ያንኑ ክር በክዳኑ ወገብ፣ ማለትም መሐሉን አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ባለው መስመር፣ ላይ ሲያጋድሙት ሦስት ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፋቸዋል። ትንሽ ክዳን ይሁን የብስክሌት ጎማ፣ ያቺ ትርፍ ሁልጊዜ አለች፤ መጠኗም የወገቡን አንድ ሰባተኛ ለጥቂት አትሞላም። ፓይ ማለት ይኸው ሦስት ከትርፉ ጋር ነው። ይህን በራሱ ክር ያገኘ ልጅ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርስ ቀመሩ ከሰማይ የወረደ አይመስለውም። በዳይስ ውድድሩም ከ2 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች ሁሉም የየራሱን ይመርጥና የሁለት ዳይስ ድምር በወጣ ቁጥር ባለቤቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ትንንሾቹ ትልቅ ነው ብለው 12ን ይሻሙበታል። 12 ግን ከ36ቱ አወጣጥ በአንዱ ብቻ ይመጣል፣ 7 ግን በ6ቱ። ማንም ሳይነግራቸው ከጥቂት ዙር በኋላ 7ን መፈለግ ይጀምራሉ።

አሁን በተደጋጋሚ ወደቀረበልን ጥያቄ እንምጣ። «ለሁለት ልጅ አንድ አንድ መሣሪያ ለምን ተገዛ? መምህሩ በአንዱ ሠርቶ ቢያሳያቸው አይበቃም ነበር?» ተብለናል። አይበቃም። ታንግራምን እንውሰድ። አንድ ካሬ ሰባት ቦታ ተቆርጦ ሁለት ትልልቅ፣ አንድ መካከለኛና ሁለት ትንንሽ ጎነ ሦስቶች፣ አንድ ትንሽ ካሬና አንድ ጎነ ትይዩ ይወጡታል። ልጁ ሁለቱን ትንንሾች ገጥሞ ካሬውን ይሸፍናል፣ ገልብጦ ጎነ ትይዩውን ይሸፍናል፣ አዙሮ መካከለኛውን ጎነ ሦስት ይሸፍናል። መልካቸው የማይገናኝ ሦስቱ እኩል ስፋት እንዳላቸው፣ እያንዳንዳቸውም የሙሉው አንድ ስምንተኛ እንደሆኑ የሚያምነው ያኔ ነው። ትንሹ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ትልቁ አንድ አራተኛ መሆኑን ከዚያ ራሱ ይደርስበታል። ክፍልፋይ በቃል ሲነገራቸው ጭንቅ የነበረባቸው ልጆች እየተሻሙ ሲመልሱ አይተናል። ከኋላ ወንበር ሆኖ የመምህሩን እጅ የሚያይ ልጅ ይህን አያገኝም። ስለዚህ ያ ወጪ ዛሬም ተገቢ ነበር እንላለን።

ገንዘቡ የት ገባ ለምትሉም፦ ለእንጨት፣ ለምስማር፣ ለካርቶን፣ ለሜትርና ለኅትመት ነው የዋለው። ለመድረክ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለቲሸርት አንድም ሳንቲም አልወጣም። የኮሚቴ አባል አበል አልወሰደም። ደረሰኞቹ በፋይል ተይዘዋል፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው። ሰሌዳዎቹን ራሳቸው የሠሩት ወላጆች ናቸው፣ ለጉልበታቸው አልጠየቁም። በእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ ነው ልጆቻችን መጠነ ዙሪያቸው እኩል 16 የሆኑ ሁለት ቅርጾች፣ አንዱ 7 ሌላው 16 ካሬ ስፋት ሊኖራቸው እንደሚችል በላስቲክ ወጥረው ያዩት።

ዘንድሮ ታንግራሙ ከእንጨት ይሁን ያልነው ለቅንጦት አይደለም። ካርቶን እርጥበት አይችልም፣ በየዓመቱ ከምንለምን አንድ ጊዜ የሚበረክት ይገዛ ብለን ነው። መሣሪያዎቹም ከመሬት ከፍ ባለ፣ በሚዘጋ ቁም ሣጥን ይቀመጣሉ።

እባካችሁ፣ ገቢ የሚደረገው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ ባለፈው ደረሰኛችሁ ላይ ያለው ነው። ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም። በማንም የግል ሒሳብ ወይም ስልክ እንዳትልኩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እስካሁን ግን ሸክሙ በጥቂት ቤተሰቦች ትከሻ ላይ ነው ያለው። የራሳችሁ ልጅ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶም ቢሆን የጎረቤት ልጅ አለ። ለሕፃን የተገባ ቃል ደግሞ በሰውም በፈጣሪም ፊት ዕዳ ነው፤ በዓሉ ይኖራል ብለን ቃሉን የገባነው ሁላችንም በስብሰባ ላይ እጅ አውጥተን ነው።

ገንዘብ የሌላችሁ ክብ ክዳኖችን፣ ወፍራም ክር፣ የልብስ ቁልፎችንና ንጹሕ ካርቶን ለክፍል ኃላፊ መምህራን አድርሱልን። እንጨት መቁረጥና ማለስለስ የምትችሉም ስማችሁን አስመዝግቡ።

አናጢው ሥራ የሚጀምረው ቀብድ ሲከፈለው ስለሆነ መዋጮው ከየካቲት አጋማሽ በፊት ቢገባልን። አንዴ ልድገመው፦ በኮሚቴው ስም ባለው የባንክ ሒሳብ ብቻ፣ ምክንያቱ ላይ «ለሒሳብ በዓል» ብላችሁና የልጁን ክፍል ጽፋችሁ። ከከፈላችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳዩ፤ የኮሚቴውን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የሒሳብ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ