“የትኛው ፊልድ ሥራ አለው?” — የሙያ ምክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ሥራችንን የጀመርነው ከተማሪዎች በጽሑፍ ጥያቄ በመሰብሰብ ነው። አብዛኞቹ ወረቀቶች “የትኛው ፊልድ ሥራ አለው?” ይሉ ነበር። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ዓመታት ተምሮ ሥራ ፈት መሆን የሚሻ የለም። ነገር ግን መልሱ የዛሬ ነው፤ ጠያቂው የሚመረቀው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ።

ለዚህ የፔትሮሊየም ምህንድስናን ምሳሌ አደረግን። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ፤ ኩባንያዎችም ሠራተኛ ቀነሱ። በደጉ ጊዜ የገቡት በክፉው ጊዜ ተመረቁ። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሪቻርድ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመሐንዲሶችን ገበያ ሲያጠኑ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ደመወዝ ሲጨምር ተማሪ ይጎርፋል፤ የጎረፈው ሲመረቅ ገበያው ይጠባል፤ ቀጣዮቹ ሲሸሹ ደግሞ እጥረት ይመጣል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተደረገው ክርክር ጦፎ ነበር። የዘርፉ ታዋቂ ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ማሽን ይተካቸዋል በሚል፣ ራዲዮሎጂስት (የራጅና መሰል ምስሎችን የሚያነብ ሐኪም) ማሠልጠን መቆም አለበት ማለታቸውን አንድ አባል አነሣ። “ታዲያ ዛሬም እየተፈለጉ አይደል?” የሚል መልስ ከኋላ ወንበር መጣ። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ከሁሉ የጠቀመን የኮርስ ዝርዝር ያነበብንበት ቀን ነው። ከሒሳብ ለመገላገል ሳይኮሎጂ የመረጠች ተማሪያችን ጣቷን በዝርዝሩ ላይ እያስኬደች ስትወርድ ስታቲስቲክስ ላይ ደረሰች። “ውይ! እዚህም ተከተለኝ?” ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምርጫዋን አልቀየረችም፤ ይልቅ የሒሳብ ክበብ ገባች። የትምህርት መስክ ስም ብቻ አይቶ መምረጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከእኔ ንግግር ይልቅ እሷ አስተማረች።

የሥራ ማስታወቂያዎችንም ቀይ እስክሪብቶ ይዘን አገላበጥን። ለሐኪም፣ ለነርስና ለጠበቃ በመስኩ መማር ግዴታ ነው፤ ከላዩም የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ሌሎቹ ብዙዎቹ ግን “ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ” ይላሉ፤ እዚያ የሚመዘነው ልምድ፣ ጽሑፍና የኮምፒውተር ችሎታ ነው። ስለዚህ ሕክምና የሚፈልግ ገና ከመነሻው መወሰን አለበት፤ ሽያጭ ወይም አስተዳደር የሚፈልግ ግን ያን ያህል ባይጨነቅም ይሆናል።

የወላጆች ውይይታችን ቀዝቃዛ ነበር። የመጡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ እነሱም የልጆቻቸውን ፊልድ ቀድመው መርጠው ነው የመጡት።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጋብዘው በሥራቸው አንቱ የተባሉትን አይደለም፤ በቅርቡ ተመርቀው ሥራ ያገኙትንና አሁንም በማፈላለግ ላይ ያሉትን ነው። የስንት መሥሪያ ቤት በር እንዳንኳኩና ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደተጠየቁ ይንገሩን። አዲስ አባላት በመጀመሪያው ሳምንት ይመዝገቡ።