ቅብጥብጧን ቡችላ ከማሰራችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ፣ ተጥላ አግኝተው ያሳደጓት ቡችላ አላስቀምጥ እንዳለቻቸው ጽፈው ነበር። ትናከሳለች፣ ጫማ ትቦጫጭቃለች፣ እንግዳ ላይ ትዘላለች። በፊት "ተቀመጪ" ሲሏት ትቀመጥ ነበር፤ አሁን 8 ወር ሲሆናት ጭራሽ እንዳልሰማ ሆነች። በመጨረሻም "ዝርያዋ የተደባለቀ ስለሆነ ትምህርት አይገባትም፣ አስሬያታለሁ" ብለው ጨረሱ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የዛሬ ዓመት እኔም ልክ እንደሳቸው ግራ ገብቶኝ ነበር።

የእኔዋን ሳነሳት ሁለት ወር ተኩል ቢሆናት ነው። እናትና አባቷ አይታወቁም። እጄ ሳይቧጨር ያደረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያየኝ ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር፤ "አሩጫት፣ ሲደክማት ትተኛለች።" እኔም ጠዋት ማታ አሯሯጥኳት፣ ኳስ ስወረውርላት ዋልኩ። ማታ ሲሆን ግን ባሰባት። ከግድግዳ ግድግዳ ትሮጣለች፣ ያገኘችውን ትነክሳለች፣ ብትይዣት ትወራጫለች። በኋላ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄ ስናገር እሳቸው ስለ ሩጫው ምንም አላሉኝም። "በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለች?" ነው ያሉኝ። ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ለካ በዚያ ዕድሜ ያለ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። የእኔዋ ግን ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተነሳች ግማሹንም አትተኛም ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን እንዴት እንደሚነጫነጭ ያየ ሰው ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት ያህል ነቅታ ከተጫወተች በኋላ ጸጥ ያለ ጥግ እያስያዝኩ አስተኛት ጀመር። የማታው ንክሻ በሳምንት ውስጥ ቀነሰ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልቆመም፤ ምክንያቱም ጥርስ ነበር። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፉ እስከ 6 ወይም 7 ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ያሳክከዋል፣ ያመዋል፣ ስለዚህ ያገኘውን ያኝካል። ጫማውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና በምትኩ ማኘክ የሚፈቀድለትን ነገር መስጠት ነው። እጅ ከነከሰች ደግሞ ጨዋታውን ወዲያው ማቆም፣ ተነስቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘወር ማለት። መጮህም መምታትም አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ እጮህባት ነበር፣ እሷ ጨዋታ እየመሰላት ይበልጥ ትዘል ነበር።

ቅጣትን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር፣ ይህ በጣም ስለሚያሳዝነኝ። ብዙ ሰው ቤት ሲገባ ሽንት ያይና ቡችላውን ጎትቶ አፍንጫውን እዚያው ላይ ያሻዋል። ውሻ አንድን ነገር ከውጤቱ ጋር የሚያገናኘው በሰከንዶች ውስጥ ከተከተለው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲቀጣ የሚገባው ነገር ቢኖር ሰውየው ሲመጣ መደበቅ እንዳለበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ከወንበር ኋላ ተደብቆ መሽናት ይጀምራል፣ እኛም "ተንኮለኛ" እንለዋለን። ከእንቅልፍ ስትነቃ፣ ስትበላና ተጫውታ ስትጨርስ ወዲያው ወደ ውጭ ይውሰዷት። እዚያ ስትሸና በዚያችው ቅጽበት ያመስግኗት፣ ትንሽ የምትወደውን ነገር ያጉርሷት። የእኔዋ "ተቀመጪ" እና "ነይ" የሚባሉትንም የተማረችው በዚሁ መንገድ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ሳይበልጥ።

አሁን ወደ "ዝርያዋ" ልመለስ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾችን ባሕርይ ከአሳዳጊዎቻቸው ጠይቆ ነበር። በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መደባለቋን ጥፋት አናድርግባት። ስለ 8 ወሩም ቢሆን በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት አለ፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ውሾች በ5 ወራቸው ከነበሩት ይልቅ ለአሳዳጊያቸው እምቢተኛ ሆነው ታይተዋል፣ ለማያውቁት ሰው ግን ይታዘዙ ነበር። ጉርምስና ነው። ያልፋል። እሳቸው ያሰሯት በጣም በሚያስቸግረው ወር ላይ፣ ሊሻላት ጥቂት ሲቀራት ነው።

የታሰረች ውሻ ደግሞ ሰው አትለምድም። ከ3 እስከ 14 ሳምንት ያለው ዕድሜ ዓለምን የምትለማመድበት ዋና ጊዜ ነው፣ ተጥላ የተገኘች ቡችላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ያመልጣታል። በኋላም ይቻላል፣ ግን ቀስ ተብሎ፣ ከሩቅ እያሳዩ። እንግዳ ላይ የምትዘለው ፈርታ ሊሆን ይችላል። ክትባቷም እንዳይዘነጋ፤ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው።

ለጸሐፊው፦ እባክዎ ይፍቷት። ትጠፋለች ብለው ከሰጉ ረዘም ያለ ገመድ አስረው አብረዋት ይውጡ፣ ጠርተዋት ስትመጣ ዘግይታም ቢሆን አይቆጧት። ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ቡችላ እንቅልፍ፣ ጥርስና ክትባት ያስጽፉልን፣ ቢቻል በሚቀጥለው እትም። ያቺ ቡችላ ከታሰረች ይኸው ከሳምንት በላይ ሆናት።

አንባቢያችሁ